ውኃው ሳይነካን የሚጀምር ድንጋጤ

ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ገላዎ ላይ ሲፈስ ትንፋሽዎ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ሳያስቡት አየር ይስባሉ። ልብዎ ድው ድው ይላል። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ጠፍቶ ባደረ ጠዋት ሻወር የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንጦጦ ወጥቶ ጠበል የተጠመቀም ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረን ግን ሌላ ነው። የድንጋጤው ትልቅነት የሚወሰነው በውኃው ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። ከውኃው በፊት ልባችን ውስጥ የነበረው ፍርሃትም የራሱን ይጨምርበታል። ያው ውኃ፣ ያው ሰው፣ በተረጋጋበት ቀን አንድ ዓይነት፣ በተጨነቀበት ቀን ሌላ ዓይነት ይሆናል። ውኃውን ማሞቅ ባይቻል እንኳ ፍርሃቱን መቀነስ ስለሚቻል ነገሩን ማወቁ ይጠቅማል።

እስቲ ከመጀመሪያው ደቂቃ እንነሳ።

ቆዳችን ውስጥ ብርድን የሚለዩ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች አሉ። ሰፊ የገላ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ሁሉም በአንድነት ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ። አንጎልም እኛን ሳያማክር ትእዛዝ ያስተላልፋል። ባለሙያዎች ይህን “የብርድ ድንጋጤ” ይሉታል። ሰውነት ለድንገተኛ ቅዝቃዜ ያለ ፈቃዳችን የሚሰጠው ምላሽ ማለት ነው።

ቀድሞ የሚመጣው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። በዚያች ቅጽበት 2 ወይም 3 ሊትር አየር ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አፍዎ ከውኃ በታች ከሆነ ግን የሚገባው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። ዋና የሚችል ሰው ሳይቀር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወዲያው የሚሰምጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ትንፋሽ ይፈጥናል። አርፈን ስንቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ያህል እንተነፍሳለን። በብርድ ድንጋጤ ጊዜ 60 የሚደርስ ሰው አለ። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ልብ ይሮጣል፤ የደም ግፊት ይወጣል። በደረቅ ቦታ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ መያዝ የሚችል ጤነኛ ሰው በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 10 ሴኮንድ እንኳ ሊያቅተው ይችላል።

ይህ ሁሉ በ30 ሴኮንድ አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ያልፋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህንን ይያዙ። የሚያስፈራው ነገር አጭር ነው፤ መጨረሻው ሩቅ አይደለም።

“የእኛ አገር ውኃ ያን ያህል ይቀዘቅዛል ወይ?” ይሉ ይሆናል። ይቀዘቅዛል። የብርድ ድንጋጤ በረዶ አይጠብቅም። ውኃው ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲደርስ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል።

የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ግድም ነው። ጥልቀት ከሌለው መሬት የሚፈልቅ ምንጭ ደግሞ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ተከትሎ ይሄዳል። የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተራራው ከፍታ ላይ የሚፈልቀው ምንጭ የብርድ ድንጋጤ ሙሉ ኃይሉን ከሚያገኝበት ሙቀት ውስጥ ይገባል። በሽንቁሩ ሚካኤልም ሆነ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጡት ወገኖች ብርዱን አላጋነኑትም።

ቤት ውስጥ ያለውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ሲለቅ ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቧንቧውን ሲከፍቱ የሚመጣው እሱ ነው። በፈረቃ የመጣውን ውኃ በጀሪካን ሞልቶ በረንዳ ላይ ማሳደርም ያው ነው።

ከፍታው ሌላ ነገርም ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ተወልደን ያደግን ለምደነዋል፤ ነገር ግን ትንፋሽ ሲያጥረን መጠባበቂያችን አነስተኛ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቱ እንምጣ። ጭንቀት እንዴት ነው በብርድ ላይ የሚጨምረው?

የሚያስፈራ ነገር ስንጠብቅ ሰውነታችን አስቀድሞ ይዘጋጃል። አድሬናሊን የሚባለውን፣ ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያነሳሳ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ልብ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከሆድ ወጥቶ ደረት ላይ ይቀራል። የብርድ ድንጋጤም የሚጓዘው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ነርቭ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይደማመራሉ። ብርዱ ሲመጣ ልብ አስቀድሞ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ማርቲን ባርዉድ፣ ማይክ ቲፕተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል። 11 ፈቃደኞችን 15 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ7 ደቂቃ አስገቡ። በሌላ ጊዜ ደግሞ “የዛሬው ውኃ ከወትሮው በ5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል” ብለው ነገሯቸው። ውኃው ግን ያው 15 ዲግሪ ነበር። የተለወጠው ወሬው ብቻ ነው። ሰዎቹ ግን ጭንቀታቸው ጨመረ፤ የብርድ ድንጋጤያቸውም ከፍ አለ፤ ልባቸው ከቀድሞው ይበልጥ ፈጠነ።

ይህን ይዘን ጎህ ሳይቀድ ጠበል ቦታ ተራ የሚጠብቅን ሰው እናስብ። እህል አልቀመሰም። ጫማውን አውልቆ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። ስስ የጥምቀት ልብስ ለብሷል። ከፊቱ ያለው ሰው ውኃው ሲያርፍበት ሲጮህ ይሰማል። አንድ ሰው በቀነሰ ቁጥር ወደ ፊት ይጠጋል። ልብ ብለው ካዩት ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣብቋል፣ ትንፋሹን ይዟል። ውኃው ገና አልነካውም። ልቡ ግን አስቀድሞ መሮጥ ጀምሯል።

ወደ ጠበል የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ የታመመ ወይም የተጨነቀ መሆኑን ደግሞ አይርሱ። ጭንቀቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ይህ ጉዳይ እኛን ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያሳስበን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ሊያባብስ ይችላል። በፍጥነት ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን፣ ከሰውነት የሚወጣውን አየር ከልክ በላይ እናስወጣለን። ያኔ ራስ ይዞራል። ከንፈርና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፤ ይነዝራል። ደረት ይጨንቃል። የተረጋጋ ሰው “ብርዱ ነው” ብሎ ያልፈዋል። ጭንቀት ያለበት ሰው ግን “ልሞት ነው” ብሎ ይተረጉመዋል። ፍርሃቱ ትንፋሹን ያፈጥነዋል፤ ትንፋሹ መደንዘዙን ይጨምረዋል፤ መደንዘዙ መልሶ ፍርሃቱን። ከዚህ በፊት በድንገት የሚነሳ ከባድ ጭንቀት ያጋጠመው ሰው ይህ ስሜት በጣም ይመሳሰልበታል። ስለዚህ ስሜቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው።

“እኔ እኮ ለምጄዋለሁ፤ በየቀኑ በቀዝቃዛ ነው የምታጠበው” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ሰውነት ይለምዳል። ለ3 ደቂቃ ያህል እየገቡ 5 ወይም 6 ጊዜ ቢደጋግሙት የብርድ ድንጋጤው በግማሽ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ታይቷል። የተወሰነው ልምድ ከወራት በኋላ እንኳ አይጠፋም። ቀዝቃዛ ሻወርም በከፊል ያለማምዳል። ሱባኤ ገብተው በተከታታይ ቀናት የሚጠመቁ ሰዎች የመጀመሪያው ቀን ከሰባተኛው ቀን ይከብዳል የሚሉት ለዚህ ነው።

ነገር ግን ያ የባርዉድና የቲፕተን ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሰዎች ብርዱን ከለመዱ በኋላ ያንኑ የውሸት ወሬ ሲነግሯቸው ድንጋጤው ተመልሶ ከፍ አለ። ጭንቀት ልምድን በከፊል ያፈርሳል ማለት ነው። እኔ ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ሐዘን ባለበት ቀን፣ እንቅልፍ ባጡበት ሌሊት ማግስት፣ ወይም ያላወቁት ውኃ ውስጥ ሲገቡ ትናንት ለመድሁት ያሉት ገላ ዛሬ እንደ አዲስ ሊደነግጥ ይችላል።

“ታዲያ ጠበል አትጠመቁ ማለትዎ ነው?” አይደለም። ስለ ጠበሉ መንፈሳዊ ነገር የሚናገረው ካህኑ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሳንባና ስለ ልብ ብቻ ነው። እንዲያውም እምነት እዚህ ላይ ያግዛል። ተስፋ አድርጎ የመጣ ሰው የመጣበትን ያውቃል፤ ብቻውንም አይደለም። አጥማቂው ካህን ረጋ ብሎ ሲያናግረው፣ ስሙን ሲጠይቀው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ደግሞ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ያስወጣል። ሰው እየተናገረ ትንፋሹን አፍኖ መያዝ አይችልም።

ሰውነትን ማዘጋጀት ከዚህ ይጀምራል። ተራዎ ከመድረሱ በፊት ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ። በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ከሳቡት ይልቅ ረዘም አድርገው ያስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከፊትዎ ያለውን ሰው እያዩ መቆየት ግድ አይደለም፤ ፊትዎን ወደ ሌላ ያዙሩ። ለራስዎም “አሁን ትንፋሼ ይፈጥናል፣ ከዚያ ያልፋል” ይበሉ። የባርዉድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ሌላ ጥናት ሰዎችን እንዲህ ያለውን ራስን የማረጋጋት፣ በአእምሮ የመለማመድና ለራስ የማበረታቻ ቃል የመናገር ዘዴ አሠልጥኖ ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው የቆዩበት ጊዜ በጉልህ ረዘመ።

ውኃውን በሚነኩበት ጊዜም ቅደም ተከተል አለው። እጅና እግር ይቅደሙ። ቀጥሎ ክንድና ጭን። ደረት፣ ጀርባና ራስ መጨረሻ ይሁኑ። ቤትዎ ሻወር ሲወስዱ ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ጠበል ቦታ ከሆነ ካህኑን “አባ፣ መጀመሪያ እግሬን ያስነኩኝ” ብለው መጠየቅ ነውር የለውም።

ፊት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምክንያቱም ፊታችን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍና ትንፋሽ ስንይዝ ሰውነት ሌላ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ልብ ዝግ እንዲል ያዛል። ገላው ደግሞ በብርድ ደንግጦ ልብ እንዲፈጥን ያዛል። ልብ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይደርሰዋል። በጤነኛ ሰው ላይ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ የምቱን ሥርዓት ያዛባ ይሆናል። የልብ ሕመም ባለበት ላይ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊትዎ ላይ ውኃ ሲፈስ አገጭዎን ዝቅ አድርገው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ያስወጡ እንጂ ትንፋሽዎን አፍነው አይቆዩ።

ማን ነው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያለበት? የደም ግፊት ያለበት። የልብ ሕመም ያለበት፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በር የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም በአገራችን ብዙ ስለሆነ በተለይ ወጣቶችን ይመለከታል። አስም ያለበት። ነፍሰ ጡር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ብቻውን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ግፊትዎን ካላወቁ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ መለካት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለጠበል ብለው አያቋርጡ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለጭንቀት፣ ለግፊትና ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም ምክሩ ያው ነው። ጭንቀቱ ከውኃ ውጭም የሚከተልዎት፣ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳዎት ከሆነ ደግሞ ሕክምና አለው። ለአያት ነዋሪ ቅርብ የሆነው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ለአቅመ ደካማና ለታመመ ሰው ግን ውኃውን ማሞቅ ከሁሉም ይሻላል። ዋጋውን እናስላው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። 6 ሊትር የፈላ ውኃ ከ14 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቅሉ አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ 38 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ ያገኛሉ። ለገላ ልክ ነው። ለማፍላት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቢልዎ ላይ ያለውን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ለሁለት ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው ገላ የሚወጣውን ወጪ ያውቁታል። ሙሉውን ማሞቅ ካልተቻለ እንኳ ለብ ማድረግ ብዙ ነገር ይለውጣል። ከ25 ዲግሪ በላይ ከሆነ ድንጋጤው አይነሳም ማለት ይቻላል።

ከውኃው ከወጡ በኋላ ወዲያው መሮጥ አያስፈልግም። ገላዎን ያድርቁ፣ ደረቅ ልብስ ይልበሱ፣ ቁጭ ብለው ትንፋሽዎ እስኪመለስ ይጠብቁ። ከተራራው ቁልቁለት ሲወርዱ ራስዎ እየዞረ እንዳይሆን። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የማይመለስ የትንፋሽ እጥረት ካለ ግን ብርዱ ነው ብለው አይለፉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ልጆች ነው፤ እኔንም ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። በክረምት በከተማዋ ዳርቻ ድንጋይ የወጣባቸው የካባ ጉድጓዶች ውኃ ይሞላሉ። ልጆች ለዋና ይገቡባቸዋል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ከእነዚህ ጉድጓዶች የልጆች አስከሬን ያወጣል። ላዩ በፀሐይ ለብ ያለ ሆኖ ሳለ ከሥሩ በጣም ይቀዘቅዛል። ጓደኞቹ “ዝለል! ትፈራለህ እንዴ?” እያሉት የሚዘል ልጅ ፍርሃቱንም ብርዱንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ውኃ ውስጥ ከሳባት ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይኖረውም።

ልጆችዎን ወደዚያ እንዳይሄዱ ይከልክሏቸው፤ ከክልከላው ጋር ግን ይህን ያስተምሯቸው። ድንገት ውኃ ውስጥ ከወደቁ መጀመሪያ ለመዋኘት አይታገሉ። በጀርባቸው ይንጋለሉ፣ ጆሯቸው ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ፊታቸው ወደ ሰማይ ይሁን፣ እጃቸውን ዘርግተው ይንሳፈፉ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ትንፋሽ እስኪመለስ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ነው መጮህም ወደ ዳር መሄድም የሚቻለው። የብሪታንያ የባሕር ነፍስ አድን ሠራተኞችም ሕዝባቸውን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ዳር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ተከትሎ አይዝለል። ድንጋጤው እሱንም አይምረውም። ወደ እሳትና አደጋ ኮሚሽኑ በ939 ይደውል። እስከዚያው ባዶ ጀሪካን ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ፣ ገመድ ካለ ጆሮው ላይ አስሮ ይወርውርለት። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ከተዘጋ አንድ አዋቂ ሰው አቅፎት ራሱን ከውኃ በላይ ለማቆየት ይበቃል።